አንድ ክረምት ሲያመልጥ፦ ወጣት ተመራማሪዎችን በክፉ ቀን እንዴት እናቆያቸው?

ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ እንቁላል የሚጥሉት በክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ከሐይቁ ይወጡና ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ። ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች ስላሉባቸው ተመራማሪ ይፈልጋቸዋል።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ እነዚህን ዓሦች ልታጠና ፕሮፖዛሏን አጸደቀች እንበል። ናሙና የምትሰበስበው ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በእነዚያ ወራት ወደ ፎገራ የሚወስደው መንገድ ቢዘጋ ሌላ ዕድል የምታገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ማስተርስ ደግሞ በጠቅላላው ሁለት ዓመት ነው። አንዱ በኮርስ ያልቃል። ስለዚህ ለእሷ አንድ ክረምት ማለት የምርምሯ ዕድሜ በሙሉ ነው።

ስለ ፖለቲካና ስለ ትምህርት ስናወራ ዓይናችን የሚያርፈው በተዘጋ ግቢና በተበተነ ተማሪ ላይ ነው። ግቢው ክፍት ሆኖ፣ ትምህርት እየተሰጠ፣ ካፌው እየሠራ ምርምር ሊቆም እንደሚችል ብዙ ሰው ልብ አይልም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች፣ ረዳት ምሩቃን፣ ጀማሪ መምህራን ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ምን ይጎድልባቸዋል? አጠገባቸው ያለነውስ ምን ልናደርግላቸው እንችላለን?

ባሕር ዳር እንዲህ ዓይነት ወጣት የሞላባት ከተማ ናት። ፖሊ የሚባለው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም በ1950ዎቹ አጋማሽ ተከፈተ፤ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1960ዎቹ ተከተለ። ሁለቱ ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ ዘንዘልማ ግብርናውን፣ ጥበበ ግዮን ሕክምናውን ይዘው ግቢው በከተማዋ ዙሪያ ተበትኗል።

በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጅ አስቡ። ዓመቱ ሳያልቅ መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ወደ ቤቱ ተላከ። ጥቅምት 2013 በሰሜን ጦርነት ተጀመረ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ነበር፤ መላ አገሪቱም በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። በ2015 የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ተራዝሞም ለ10 ወራት ያህል ቆየ። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሰዓት እላፊ መጣ። መንገዶች ይከፈቱና ይዘጉ ጀመር። አዋጁ ካበቃ በኋላም ግጭቱ አልቆመም። ይህ ልጅ ዛሬ ማስተርሱን እየተማረ ወይም ጀማሪ መምህር ሆኖ ሊሆን ይችላል። በሰላም ተጀምሮ በሰላም ያለቀ የትምህርት ዓመት አያውቅም ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ክፍተቱ ነው

ወጣት ተመራማሪን ከመንገዱ የሚያስወጣው ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ ዱላ አይደለም። እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መንገድ ይዘጋል። ዳታ መሰብሰብ ይቆማል። ተማሪው «እስኪ ትንሽ ልጠብቅ» ይላል። ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ ከዚያ ሁለት ወር። እስከዚያው ለኪራይ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የማስጠናት ሥራ ይይዛል፤ አለዚያም ዘመድ ሱቅ ይቀመጣል። አማካሪው የሰጡት አስተያየት ላፕቶፑ ውስጥ ሳይከፈት ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ ነው ሐፍረት የሚገባው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ጠፍቼ ምን ይዤ እቀርባለሁ?» ይላል። ግቢ ውስጥ አማካሪውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። አማካሪው ደግሞ «ትቶታል ማለት ነው» ብለው ያስባሉ፤ የራሳቸው ጭንቀት አለባቸው፤ አይደውሉም። ማንም «አቁም» ሳይለው፣ ማንም ሳያባርረው ተማሪው ወጣ።

መንገዱ የተዘጋው ለሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ዓመቱን የበላው ሐፍረቱና ዝምታው ነው። መንገድ መክፈት በእጃችን ላይሆን ይችላል። ዝምታውን ማሳጠር ግን እንችላለን።

አንጋፋው ተመራማሪ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ዲግሪውን ይዟል፤ የሚያውቃቸው ሰዎች አሉ፤ አንድ ዓመት ቢያጣ ከቀደመው ዳታው ይጽፋል። ወጣቱ ግን ሁሉ ነገሩ በሂደት ላይ ነው። ስታይፔንዱ ቀን አለው። ስፖንሰር ካደረገው ተቋም የተሰጠው የትምህርት ፈቃድ ቀን አለው። ስኮላርሺፕ የዕድሜ ገደብ ያወጣል። ችግሩ ለሁሉም አንድ ቢሆንም የሚቆርጠው በቀጭኑ በኩል ነው።

አገራችን ይህን ዋጋ ከዚህ በፊት ከፍላለች። በ1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። በ1985 ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። እንዲህ ያለ ነገር ጉዳቱ የሚታየው በዚያው ዓመት ብቻ አይደለም። ከ15 እና ከ20 ዓመት በኋላ አማካሪ መሆን የነበረበት ሰው ቦታው ላይ አይገኝም። ያኔ ተማሪው አማካሪ የሚያጣበትን ምክንያት ወደኋላ ሄዶ የሚፈልግ የለም።

ስልክ የሚደውል አማካሪ

የመጀመሪያው ድጋፍ ገንዘብ አይጠይቅም። አማካሪው ቀድመው ይደውሉ። በእኛ ባህል ታናሽ ታላቁን «ለምን አልደወሉልኝም?» አይልም፤ ስለዚህ ዝምታውን የመስበር ኃላፊነት የታላቁ ነው። ተማሪዋ «ዶክተር፣ እስካሁን ምንም አልሠራሁም» ካለች መልሱ «ምንም ሳትይዢም ነይ» መሆን አለበት። በዚያ ቀን ስለ ጽሑፉ ባይወራም ግድ የለም። ቤተሰብ እንዴት ነው? ከደብረ ታቦር ከጋይንት ወሬ ሰማሽ? ይህም የምርምር ምክር አካል ነው።

የሞባይል ዳታ ሲጠፋም ተራ ስልክ ጥሪና ኤስኤምኤስ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ዛሬ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ስለሆነ የጓደኛውን ስልክ ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ የጥናት ቡድን የአባላቱን ቁጥር በወረቀት ይያዝ። ኔትወርክ ቢጠፋ የት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንገናኛለን የሚለውም በሰላሙ ጊዜ ይወሰን። ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ላይብረሪው በር ላይ። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ከመጣ በኋላ ግን ይህን ለመስማማት እንኳ መገናኛ አይኖርም።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ሴሚናር ከሥራ በኋላ 11 ሰዓት ላይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ባልተረጋጋ ጊዜ ይህ ልማድ ሴቶችን ያስቀራል። ባጃጅ በጊዜ ይገባል፤ ቤተሰብም «ሳይመሽ ግቢ» ይላል። ማንም ሴቶች አይምጡ ሳይል ስብሰባው የወንዶች ይሆናል። ከሰዓት በፊት ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ለሁለት መንገድ የተዘጋጀ ፕሮፖዛል

ለወጣት ተመራማሪ የሚሰጥ ትልቁ ቴክኒካዊ ድጋፍ ይህ ይመስለኛል። ፕሮፖዛሉ ከመጀመሪያው ሁለት መንገድ ይኑረው። «ወደ ቦታው መሄድ ከቻልኩ ይህን፣ ካልቻልኩ ያንን እሠራለሁ» ተብሎ ይጻፍ፤ ገምጋሚዎቹም ሁለቱንም ያጽድቁ። ያኔ መንገድ ሲዘጋ ተማሪው እንደ አዲስ ፈቃድ ለመለመን አይገደድም።

«ያንን» የሚባለው ምንድን ነው? ብዙ አማራጭ አለ። እምቦጭን እንውሰድ። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ብዙ ተመራማሪ አሰማርቷል። ጀልባ ተከራይቶ መሄድ ባይቻል የሳተላይት ምስል በነጻ ይገኛል። ላንድሳት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ያነሳቸው ምስሎች ተቀምጠዋል። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ 10 ሜትር ድረስ በሚለይ ጥራት ያነሳሉ፤ በየ5 ቀኑም ወደዚያው ቦታ ይመለሳሉ። በክረምት የጣና ሰማይ በደመና ስለሚሸፈን እነሱ ብዙ አያዩም። ያኔ በራዳር የሚሠራው ሴንቲኔል 1 ደመናውን አልፎ ያያል። ለዝናብ ጥናት ቺርፕስ የሚባለው መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ። ጤናና ሥነ ሕዝብ ለሚያጠኑ እ.ኤ.አ. በ2000፣ 2005፣ 2011 እና 2016 የተካሄዱት አገር አቀፍ ዳሰሳዎች ጥሬ መረጃ ተመዝግቦ ለጠየቀ ተመራማሪ ሲሰጥ ቆይቷል።

የብራና መጻሕፍት የሚያጠና ወጣትም ባዶ እጁን አይቀርም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረ ፕሮጀክት ከ9,000 በላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነስተዋል። አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መዘክር ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነጻ ያሳያል። የጣና ደሴቶች ራሳቸው የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። በክፉ ዘመን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ መሰል ገዳማት ይሸሹ ነበር። የአብነት ትምህርት ቤቱም ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን እያስቀጸለ እዚህ ደርሷል። ታላቅ ተማሪ ታናሹን ይዞ ማዝለቁ ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

ግን እንጠንቀቅ። ሳተላይት የዓሣ አስጋሪውን ችግር አይነግረንም። የቆየ ዳሰሳ የዛሬውን የእናቶች ጤና አያሳይም። ተማሪው ጥያቄውን ከመረጃው ጋር አብሮ መቀየር አለበት፤ መረጃውን ብቻ ቀይሮ የድሮውን ጥያቄ የመለሰ መምሰል የለበትም። ይህን ማገዝ የአማካሪው ሥራ ነው፤ ከባዱ ሥራም ይህ ነው።

መረጃው መስመር ባለበት ቀን ወርዶ መቀመጥ አለበት። አንድ የጋራ ሀርድ ዲስክ ለአንድ የትምህርት ክፍል ትልቅ ሀብት ነው። ዋና ዋና ጽሑፎች፣ ምስሎች፣ ሶፍትዌሮች ይግቡበት። የጽሑፍ ምንጮችን የሚያደራጀው ዞቴሮ የሚባለው ሶፍትዌር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮቦ የሚባለው የመጠይቅ መተግበሪያ ስልክ ላይ መረጃ መዝግቦ መስመር ሲመጣ ይልካል። የቴሲሱ ፋይል ደግሞ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰው ቤት ይሁን።

ማንም ለቴሲስ ብሎ አይሙት

ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ወጣት ተመራማሪ ዲግሪው እንዳይዘገይ ብሎ መሄድ የሌለበት ቦታ ሊሄድ ይችላል። አማካሪው «እንደምንም ሞክር» ያሉት ቃል ከባድ ሸክም ነው። በግጭት ጊዜ መጠይቅ ይዞ መንደር የሚገባ እንግዳ ለምን እንደመጣ ማንም እርግጠኛ አይሆንም። ስንት ልጅ አለዎት? ስንት ጥማድ መሬት? ማን ይኖራል እዚህ ቤት? በሰላም ቀን ተራ የሆነ ጥያቄ በዚያን ቀን የስለላ ይመስላል። ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤም በአንዱ ኬላ ያሳልፋል፤ በሌላው ጥርጣሬ ያመጣል።

አደጋው በተማሪው ብቻ አያበቃም። በቀን አበል የተቀጠረው መረጃ ሰብሳቢ ከዚያው መንደር ነው፤ ተማሪው ሲመለስ እሱ እዚያው ይቀራል። መልስ የሰጡት ሰዎችም እንደዚያው። ስለዚህ ስም አይመዝገብ፤ በቁጥር ይተካ። ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ወረቀት የግድ ካስፈለገ ከመረጃው ጋር በአንድ ቦርሳ አይያዝ። ስልክ ውስጥ የሰዎች ፎቶ አይቀመጥ። «ይህን አልሄድም» ያለ ተማሪ ደግሞ ሰነፍ ተብሎ አይታይ። አለመሄዱ ትክክለኛ የምርምር ውሳኔ ነው፤ በቴሲሱም ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።

ስለ ሐሳብም እንዲሁ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የአካዳሚ ነጻነትን ያውቃል። ሆኖም ወጣቱ በተግባር የሚያየው ከፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች ነው። ስለ ታሪክ፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ወሰን የሚያጠና ልጅ «የማን ወገን ነህ?» የሚል ዓይን ካየ ርእሱን ይቀይራል። አንዳንዱ ሙሉ ዕድሜውን ደህና ወደሚመስለው ርእስ ይሄዳል። ይህን የምናስቀረው በትንሽ ደንብ ነው። ሴሚናር ላይ የተባለው በስልክ አይቀረጽም። ትችቱ በማስረጃውና በዘዴው ላይ ያርፋል። አስቸጋሪ ርእስ ላይ ጽሑፍ ሲወጣ አንጋፋው ስሙን ከኋላ አይደብቅም፤ ኃላፊነቱን አብሮ ይወስዳል። በአንድ ቡድን ውስጥ የተለያየ አቋም ያላቸው ልጆች ይኖራሉ። አንዱ ወንድሙን በዚህ ወገን፣ ሌላዋ አጎቷን በዚያ ወገን አጥታ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ለቅሶ መድረስ የቡድኑ ግዴታ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ መውጫ መንገድ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 2,000 ዶላር የሚጠይቅ ጆርናል ቀድሞ 114,000 ብር ነበር፤ ያኔ 200,000 ሆነ። ጀማሪ መምህር ይህን አይከፍልም። የማያውቀው ሲኖር ልንገረው፦ ኢትዮጵያ በሪሰርች ፎር ላይፍ ፕሮግራም የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ናት። ተቋሙ ከተመዘገበ ተመራማሪው ብዙ ጆርናል በነጻ ያነባል። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎችም ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆኑ ጆርናሎቻቸው ላይ ለዚህ ምድብ አገሮች የማሳተሚያ ክፍያ ይምራሉ። ምሕረቱን ግን ጽሑፉ ሲላክ መጠየቅ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ይህን የማያውቅ ልጅ በጥቂት ቀን «እናትምልሃለን» ለሚል አጭበርባሪ ጆርናል ደሞዙን ይከፍላል፤ ጽሑፉም ለዕድገት ሳይቆጠርለት ይቀራል። ኦተርኤድ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ልምድ ያለው ተመራማሪ የወጣቱን ጽሑፍ በነጻ እንዲያይ ሲያገናኝ ቆይቷል።

ከአገር መውጣትን በተመለከተ፣ አደጋ ላይ ያሉ ምሁራንን የሚረዱ ድርጅቶች አሉ። ካራ የሚባለው ድርጅት፣ ናዚዎች መምህራንን ከዩኒቨርሲቲ ሲያባርሩ እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ ውስጥ ተቋቋመ። ስኮላርስ አት ሪስክ እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ተጀመረ። ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለ ሰው ቢያመለክት ትክክል ነው፤ መርዳትም ይገባል። ነገር ግን እነዚህ በሮች በአብዛኛው የሚከፈቱት ፒኤችዲ ለያዘ ወይም የማስተማርና የምርምር ልምድ ላለው ነው። የማስተርስ ተማሪዋን አያስገቡም። የሚበልጠው ወጣት እዚሁ ይቆያል፤ ድጋፉም እዚሁ መድረስ አለበት።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ትልቅ ቦታ አላችሁ። አንድ ምዕራፍ አንብቦ አስተያየት መስጠት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ በጊዜ መጻፍ አንድ ማታ ነው። የማይከፈት ጽሑፍ ስትጠየቁ አሳታሚው የሚፈቅደውን ቅጂ ላኩ። ብቻ የልጆቹን ስምና ፎቶ ፌስቡክ ላይ እያወጣችሁ አታመስግኗቸው። የእናንተን የፖለቲካ ክርክርም እንዲጽፉላችሁ አትጠይቋቸው። የምትጽፉት ከሩቅ ነው፤ የሚኖሩት ግን እነሱ ናቸው።

ጊዜው እያለቀበት ላለ ተማሪ አንድ አስቸኳይ ነገር ልናገር። የጊዜ ማራዘሚያ በቃል አይጠየቅም። በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ። መንገዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደተዘጋ፣ ኔትወርኩ መቼ እንደጠፋ፣ የትኛው የናሙና ወቅት እንዳመለጠ ቀን በቀን ይዘርዘር። አማካሪው ይፈርሙበት። አንድ ቅጂ ለትምህርት ክፍሉ፣ አንድ ለሬጅስትራር፣ አንድ ለስፖንሰሩ ይግባ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገባበት ቀንና ማኅተም ይደረግበት። የዓሣዋ ተማሪም ደብዳቤዋን ማስገባት ያለባት ነሐሴ ላይ ነው፤ መስከረም እስኪያልቅ አትጠብቅ።